የሦስተኛው ረድፍ ወንበር

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለአገኘሽ አበጋዝ
አቴንስ

ከሁሉ በፊት የአክብሮት ሰላምታዬ ይቅደም። የሰው አገር ሥራ ጉልበትሽን ሳይጨርሰው ይህ ወረቀት በደኅና ደርሶ እንዲያገኝሽ እመኛለሁ። እኛ ከዓይኔ በቀር ደኅና ነን። ወለቴም ሰላም ትልሻለች፤ ይህንን የምትጽፈውም እሷው ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ የማይጥማት ነገር ስናገር ብዕሯን ታስቀምጥና ዝም ትላለች። ሠላሳ ምናምን ዓመት በሂስ ሥራ ላይ ስኖር እንደ ሚስቴ የፈራሁት ሃያሲ የለም።

ዝምድናችን ሩቅ ነው። አባትሽ መምህር አበጋዝና አባቴ የእህትማማቾች የልጅ ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱም ከመንዝ ለአስተማሪነት መጥተው አንዱ ጨንቻ፣ አንዱ አርባ ምንጭ ቀሩ። ይህን ያህል ዘመን አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ ኖሬ ዛሬ ብድግ ያልኩት ስለፈለግኩሽ እንደሆነ ይገባሻልና አላስመስልም።

የአይዳ ደግነትን የሕይወት ታሪክ እየጻፍኩ ነው። ከዚህ በፊት የሁለት ተዋንያንና የአንድ የሙዚቃ ቡድን መሪ ታሪክ ጽፌ አሳትሜያለሁ፤ ይህ አራተኛው ነው። ዓይኔ እንደሚነግረኝ ከሆነ የመጨረሻውም ነው። አይዳ አምና በኅዳር እንዳረፈች ሰምተሽ ይሆናል። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ቀብሯ ላይ ተገኝቻለሁ። ጥሩ ቀብር አልነበረም፤ ንግግር በዛበት፣ ማይክሮፎኑም ይንጫጫ ነበር።

ከመሞቷ በፊት ስድስት ቀን አብሬያት ተቀምጬ አነጋግሬያታለሁ። ስለ ባሎቿም፣ ስለ እዳዋም፣ ስለ ሕመሟም ሳትደብቅ አጫወተችኝ። አንድ ነገር ብቻ አልተናገረችም፤ ስለ መጀመሪያ ተውኔቷ። ግንቦት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ እዚሁ አርባ ምንጭ በከተማው አዳራሽ፣ «የሐይቁ ሚዜ» በተባለው ተውኔት፣ ልጇን ዓባያ ሐይቅ የወሰደባትን እናት ሆና የተጫወተችበትን ቀን ማለቴ ነው። ያኔ ጋዜጣችን ከአዲስ አበባ ልኮኝ ነበር። የጻፍኩትን ሂስ አንብበው ነው የአዲስ አበባ ሰዎች ጠርተው የወሰዷት። ስለዚያ ቀን ስጠይቃት ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰችና «ስለዚያ እሑድ አገኘሽን ጠይቃት» አለችኝ።

አንቺ የቡድኑ አልባሳት ያዥ ነበርሽ። እንግዲህ ከመድረክ ጀርባ ያየሽውን ሁሉ ጻፊልኝ። ምን ለብሳ ነበር፣ ምን አለች፣ ስትመለስ ምን ትመስል ነበር።

ለምን አልደወለም ትይ ይሆናል። በስልክ የተነገረ ነገር ለመጽሐፍ አይሆንም። የኔ ወግ ምስክሩ በራሱ እጅ ጽፎ፣ ቀን ጠቅሶ፣ ፈርሞ እንዲልክ ነው። ራሴንም የገዛሁት በዚሁ ወግ ነው፤ ያላየሁትን ተውኔት አልጽፍም። ያየሁትን ሁሉ የመግቢያ ትኬቱን ቁራጭ መዝገብ ላይ አስለጥፌ ከሥሩ ማስታወሻዬን አሰፍራለሁ። ሃያ ሁለት መዝገብ ሞልቷል። ከተጋባን ወዲህ ሙጫውን የምትቀባው ወለቴ ናት። አምና እዚህ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች እንድናገር ሲጠሩኝ መዝገቦቼን በባጃጅ ጭኜ ሄጄ አሳይቻቸዋለሁ። ቆመው አጨበጨቡልኝ።

መልስሽን እጠብቃለሁ።

አክባሪ ወንድምሽ
ተክለወልድ


አቴንስ፣ ኪፕሴሊ
ኅዳር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ተክለወልድ

እርስዎም እትዬ ወለቴም ያላችሁበት ቤት ሰላም ይሁን። ፖስታው ላይ ስሜን በአማርኛ ፊደል ተጽፎ ሳየው እጄን ታጥቤ ነው የከፈትኩት። ማን ሞተ ብዬም ፈርቼ ነበር።

እኔ ደኅና ነኝ። የዘጠና አንድ ዓመት ሴትዮ አስታምማለሁ። ጠዋት አለብሳቸዋለሁ፣ ከሰዓት እቀይርላቸዋለሁ፣ ሲመሽ አወልቅላቸዋለሁ። እንዲህ ሳየው አልባሳት ያዥነቴን አልለቀቅሁትም። ሴትዮዋ አንዳንድ ቀን እኔን እህታቸው፣ አንዳንድ ቀን ሌባ ያደርጉኛል። ሁለቱንም ለምጄዋለሁ።

አይዳ መሞቷን የሰማሁት ከሰው ስልክ ላይ ነው። ሥራ ላይ ስለነበርኩ ሳላለቅስ ዋልኩ። ከዚያ በኋላም አልመጣልኝም።

የልብሱን ነገር ጠይቀውኛል። እናቲቱ የለበሰችው ጥቁር የፈትል ቀሚስ ነበር፤ ጠርዙን እኔ ራሴ ነኝ ተርትሬ ያሳደፍኩት። ነጠላዋ የሐዘን አጣጣል ተዘቅዝቆ፣ እግሯ ባዶ። እጇ ላይ የሞተው ልጅ ቡልኮ ነበረ። ያ ቡልኮ ቡድኑ የገዛው እንዳይመስልዎት። ከጨንቻ ከእናቴ አባት ቤት ተውሼ ያመጣሁት ነው፤ አያቴ በእጁ የሸመነው።

የቀረውን ከመናገሬ በፊት ግን እርስዎ የጻፉትን ባነብ ደስ ይለኛል። ጋዜጣውን ቆርጬ ይዤው ከአገር ወጥቼ ነበር፤ መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ስለቅ ሻንጣዬን ስላልሰጡኝ እዚያው ቀረ። ቅጂውን ይላኩልኝ። ደግሞ የዚያን እሑድ የመዝገብ ገጽ፣ ትኬቱ የተለጠፈበትን፣ እትዬ ወለቴ ፎቶ ኮፒ አስነስተው ቢያኖሩበት። የዚያ አዳራሽ ትኬት ቀለሙ እንዴት እንደነበር ማየት አማረኝ። እርስዎ ምስክር አስፈርመው የሚቀበሉ ሰው ስለሆኑ ይህ የሚከብድዎት አይመስለኝም።

ጤናዎን ይጠብቁ። ለዓይንዎ እዚህ የሚሸጥ መድኃኒት ካለ ሐኪሙ የጻፈውን ይላኩልኝ።

አገኘሽ አበጋዝ


አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለአገኘሽ

ጤና ይስጥሽ፤ ያቺንም አሮጊት ከነአመሏ ያቆይልሽ። ጥምቀትን በሰላም ውለናል። ዓይኔን ሐኪሙ የነርቩ ነው፣ መነጽርም ቀዶ ጥገናም አይመልሰውም ብሎኛል። በግራ በኩል ጥቂት ይታየኛል። መድረክ ላይ ቢሆን ግማሹን ተውኔት አይ ነበር ማለት ነው።

ሂሱን ወለቴ እነሆ ቃል በቃል ገልብጣዋለች።

«አይዳ ደግነት የልጇን መርዶ ስትሰማ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ቀስ ብላ ጀርባዋን ለተመልካች ሰጠች። ትከሻዋ ተርገፈገፈ። ፊቷን ያየ አንድም ሰው ሳይኖር አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ከዋልኩ ጀምሮ በጀርባዋ ያስለቀሰች ተዋናይት አላየሁም።»

ይህ አንቀጽ ከዚያ ወዲህ ስንት ቦታ እንደተጠቀሰ አልነግርሽም። የመመረቂያ ጽሑፍ የሠራበት ተማሪ አለ። «በጀርባዋ ያስለቀሰች» የምትለው ሐረግ የመጽሐፌ ሽፋን ላይ እንድትወጣ አሳታሚው ፈልጓል።

ትኬቱን በተመለከተ አዝናለሁ። የ1979 መዝገብ ምስጥ ገብቶበት ያ ገጽ ተበልቷል። ይህን ስናገር ወለቴ ብዕሯን አስቀመጠች። ምስጡ ሲገባ እሷ ምዕራብ ዓባያ እህቷ ዘንድ ስለነበረች አላየችም፤ ስለዚህ ይጻፍ ብያታለሁ፣ ተጽፏል።

አሁን ያንቺ ተራ ነው። አሳታሚው እስከ ክረምት ድረስ ረቂቁን ይፈልጋል።

ተክለወልድ


አቴንስ፣ ኪፕሴሊ
የካቲት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ተክለወልድ ብቻ

ለዕረፍት ወደ አገር ቤት በምትመጣ ልጅ እጅ አንድ አጉሊ መነጽር ልኬልዎታለሁ። መብራት አለው፤ ገጽ ላይ አስቀምጠው ቁልፉን ሲጫኑ ይበራል። ይህንንም ደብዳቤ በትልልቅ ፊደል የጻፍኩት ብቻዎን እንዲያነቡት ነው። እትዬ ወለቴን አልናቅሁም፤ እርስዎን ላለማሳፈር ነው።

ሂሱን አነበብኩ። በዚያ እሑድ ጀርባዋን ለተመልካች የሰጠች ሴት አልነበረችም። መድረኩ ላይ ያለቀሰም አልነበረም። ዓርብ ዕለት በመጨረሻው ልምምድ ላይ እንደጻፉት ተደርጓል፤ እርስዎም ተቀምጠው አይተዋል። እሑድ ግን አልተደረገም።

ጋሼ፣ ያን ቀን የት ነበሩ?

አገኘሽ


አርባ ምንጭ
ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

አገኘሽ፣

መስመሩ ቢጣመም ታገሺኝ፤ በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። ወለቴ ገበያ ሄዳለች። በሙዝና በዓሣ ዋጋ ስትከራከር ስለምትቆይ ጊዜ አለኝ። ከዘገየሁ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። ታምሜ አይደለም። በየቀኑ መነጽሩን አበራና ያቺን የመጨረሻ መስመርሽን አነባታለሁ፣ አጠፋዋለሁ።

ምስጥ አልገባም። መዝገቡ ደኅና ነው። ገጹም አለ፤ ቀኑ ተጽፎበታል፣ የተውኔቱ ስም ተጽፎበታል፣ ትኬቱ የሚለጠፍበት ቦታ ባዶ ነው። ወለቴ አንድ ጊዜ ጠይቃኛለች፣ በተጋባን በዓመቱ። ጠፋብኝ አልኳት። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም።

ጨንቻ ነበርኩ፣ አባትሽ ቤት። ዓርብ ልምምዱን አይቼ ቅዳሜ መምህር አበጋዝን ልጠይቅ ወጣሁ፤ እሑድ ጠዋት ልመለስ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ለራሴ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ጭቃ ነበረ፤ ግን መንገዱ አልተዘጋም። እሑድ አምስት ሰዓት ላይ አንድ የጭነት መኪና ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ ጥሩምባውን ሰምቻለሁ። አባትሽ በግ አርዶልኝ ነበር። ተነሥቼ ኮቴን ስፈልግ «ልምምዱን አይተኸው የለም እንዴ? ያው አይደለም ወይ? ቁጭ በል» አለኝ። እኔም ያው ነው ብዬ ቁጭ አልኩ። አገኘሽ፣ ሰዎች ትልቅ ሃያሲ የሚሉኝ እኔ ልምምድና ተውኔት ያው ነው ብዬ ጥብስ የበላሁ ሰው ነኝ። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም።

ሰኞ ስወርድ ሲቄላ ገበያው ሁሉ ስለ እናቲቱ ያወራል። የቡድኑን አዘጋጅ ደበሌን መንገድ ላይ አገኘሁት። «እንዴት አየኸው?» አለኝ። «ድንቅ ነበር» አልኩት። እሱም የደነገጠ መሰለኝ፣ እኔም ደንግጫለሁ፤ ተቻኩለን ተለያየን። ለምን እንደደነገጠ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዓርብ ያየሁትን እሑድ አደረግኩና ጻፍኩት።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላስቀረሁም። ታምሜ ሄጃለሁ፣ በሰልስት ሄጃለሁ፣ አምስት ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ብቻዬን አጨብጭቤያለሁ። በአንድ እሑድ ምክንያት ይህን ሁሉ ትኬት የለጠፍኩ ይመስለኛል።

ምንድን ነው ያላየሁት? ጻፊልኝ፤ ግን በትልልቅ ፊደል ይሁን። ነገሩም በኔና ባንቺ መካከል ይቅር። ወለቴ ያገባችኝ በመዝገቦቹ ተማምና ነው።

ተክለወልድ


አቴንስ፣ ኪፕሴሊ
ሐምሌ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ተክለወልድ

ስለ እውነትዎ አመሰግናለሁ። የኔን እነሆ። ደብተር ሙሉ ነው የሆነው፤ ፊደሉ ትልቅ ስለሆነ ነው እንጂ ነገሩ አጭር ነው።

አይዳን ቅዳሜ ወባ ጣላት። እሑድ ረፋድ ላይ ሦስት ብርድ ልብስ ደርበንላት አልጋው ይንቀጠቀጥ ነበር። የክፍለ ሀገሩ ባለሥልጣናት ተጠርተዋል፣ የፊተኛው ረድፍ ሶፋ ገብቶለታል። ደበሌ ይቅር ቢል ምን እንደሚያደርጉት ያውቃል፤ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። የእናቲቱን ቃል በሙሉ የማውቅ እኔ ነበርኩ። ልብስ ስሰፋ ሁለት ወር ሙሉ ስሰማው በቃሌ ያዝኩት። «ነጠላውን ወደ ግንባርሽ አውርጂው፤ ማንም አይለይሽም» አለኝ። አስተዋዋቂው አይዳ ደግነት አለ፣ እኔ ወጣሁ።

አባቴን ያውቁታል። ወደ ኪነት ቡድኑ ስገባ መድረክ ላይ እንዳልወጣ አስምሎኛል፤ መርፌና ክር ከሆነ ግድ የለም ብሎ ነበር። ስለዚህ ስሜ አለመጠራቱን በዚያች ሰዓት ወድጄው ነበር። እኔ መሐላዬን ሳፈርስ አባቴ ሌላውን ዘመዴን በበግ ሥጋ አስሮ እንዳስቀመጠው ያወቅሁት ግን ካሁኑ ደብዳቤዎ ነው። ሳነበው ሳቅሁ። ከዚያ ኩሽናው ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

ደበሌ ለእርስዎ ሦስተኛ ረድፍ፣ ቁጥር ዘጠኝ አስይዞ ነበር። መጋረጃው ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ያንን ወንበር ነው። ይመጣል፣ ዘግይቶ ነው አልኩ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የኔ የምለው ሰው እርስዎ ብቻ ነበሩ። ስሜ ባይጠራም አንድ ሰው አይቶ ያውቀኛል ብዬ ነበር፤ ደግሞም ለአባቴ አይነግርብኝም ብዬ።

ልጅሽ ሞተ ተባልኩ። ጀርባዬን ሰጥቼ ማልቀስ ነበረብኝ። ወንበሩ ባዶ ነበር። ልዞር ብዬ ከሱ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። እንባም እምቢ አለኝ። ምን እንደማደርግ ስላጣሁ ቡልኮውን አንሥቼ መለካት ጀመርኩ፤ ጨንቻ ገበያ ላይ የእናቴ ወገኖች ሸማ እንደሚለኩት በክንዴ። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፣ ሦስት። ጫፉ ጋ ስደርስ እንደገና ከመጀመሪያው። ወንበሩን እያየሁ። ስንት ጊዜ እንደለካሁት አላውቅም። ደበሌ ከመጋረጃው ጀርባ «አልቅሺ፣ አልቅሺ እንጂ» ይለኛል። አዳራሹ ውስጥ የሚያስል ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ከኋላ ረድፍ አንዲት ባልቴት ተነሡና በጋሞኛ «ይበቃል ልጄ፤ ልኩን አግኝተሽዋል» አሉኝ። ያኔ ቡልኮውን አጣጥፌ አስቀመጥኩት።

ሲያልቅ ያጨበጨበ የለም። ሰው ከለቅሶ ቤት እንደሚወጣ ቀስ ብሎ ወጣ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሂሱ ሲወጣ አይዳ መጣችና አለቀሰች። «ልንገራቸው» አለችኝ። አባቴን ፈርቼ «ተይ» አልኳት። ቆይቶ የአዲስ አበባው ጥሪ መጣ፤ ወረቀቱ ላይ «የእናቲቱን ተጫዋች» ይላል። ይዛው መጥታ «ይሄ ያንቺ ነው» አለችኝ። «ተይ» አልኳት አሁንም። ሦስተኛ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ እሺ እላት ነበር። እሷ ላይ ቂም የለኝም። ጥሩ ተዋናይት ሆነች፤ ያንን ከኔ አልወሰደችም፣ ራሷ ሠራችው። እኔ በዓመቱ ለቤት ሠራተኝነት ከአገር ወጣሁ።

አሁን የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። እናቴ የጨንቻ ሰው እንደሆነች ያውቃሉ። በነሱ ዘንድ ሰው ጥፋቱን ሲደብቀው ጎሜ ይሆንበታል፤ በቤቱም በከብቱም ላይ ይመጣል። ለአንድ ሰው በጆሮ ቢነግረው አይለቀውም። ዱቡሻ ወጥቶ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሜዳ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ በአፉ ሲናገረው ነው የሚለቀው። እርስዎ ለኔ በፖስታ ነገሩኝ። እኔ ዱቡሻ አይደለሁም። የእርስዎ ዱቡሻ መጽሐፍዎ ነው።

ስሜን በትልቁ አይጻፉት። አንድ ገጽ ይበቃኛል። ማን እንደወጣች፣ ምን እንዳደረገች፣ ወንበሩ ባዶ እንደነበረ ይጻፉ። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ከዚያች እሑድ ሌላ የምለው ነገር የለኝም።

እንደ ወግዎ ፈርሜያለሁ፣ ቀንም ጠቅሻለሁ።

አገኘሽ አበጋዝ


አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
መስከረም 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለአገኘሽ

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልሽ። የላክሽው ደብተር ደርሶኛል፤ ይህንንም በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። ለማንበብ ሁለት ሳምንት ወሰደብኝ፤ አንዳንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለ ምስክርነትሽ ከልብ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ምዕራፍ እንደገና ይታያል። ወለቴ ሰላም ብላሻለች፤ በደብተሩ ውስጥ ምን አለ ብላ ብትጠይቀኝ የልብስ ዝርዝር ነው ብያታለሁ።

ተክለወልድ


አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበርሽው እህቴ

እነሆ መጽሐፉ፤ ይህንንም ደብዳቤ በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ነው፤ ሽፋኑ እንደሚያምር ነግረውኛል። ምረቃው እዚሁ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተደርጎ ብዙ ሰው መጣ። መዝገቦቼን በጠረጴዛ ላይ ደርድረው ተማሪዎቹ እየተሰለፉ አዩአቸው። አንደኛዋ ተማሪ በዚህ ዘመን እንደኔ ያለ ሐቀኛ ሰው ብርቅ ነው ስትል ወለቴ ክንዴን ያዘችኝ።

ስለ መጀመሪያው ምዕራፍ ብዙ አስቤበታለሁ። አይዳ በሕይወት የለችም፤ ደበሌም ከሞተ ቆይቷል፤ የቀረው የአንድ ሰው ቃል ነው። የአንድ ሰው ቃል ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም፤ ይህ የቆየ ሕጌ ነው። የቀድሞው ሂሴም በዚያ ቦታ እንዲቀር ሕሊናዬ አልፈቀደም። ስለዚህ አከራካሪ የሆነውን ጉዳይ በሙሉ መተው ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ውሸት አልጻፍኩም። እንደምትረጂኝ ተስፋ አለኝ።

ስምሽን በምስጋናው ገጽ ላይ፣ ስለ አልባሳት መረጃ ከሰጡኝ ሰዎች ተራ አስገብቼዋለሁ።

ወንድምሽ
ተክለወልድ


አቴንስ፣ ኪፕሴሊ
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ተክለወልድና ለእትዬ ወለቴ

ለሁለታችሁም ሰላምታዬ እኩል ይድረሳችሁ። ሴትዮዬ በየካቲት አረፉ። የመጨረሻ ልብሳቸውን ያለበስኳቸው እኔ ነኝ። ልጆቻቸው ቤቱን እስኪሸጡት ድረስ እዚሁ ተቀመጪ ብለውኛል።

መጽሐፉን በሦስት ቀን ጨረስኩት። ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ አይዳን አይቻታለሁ፣ ሳቋንም ሰምቻለሁ። ምዕራፍ አንድ «አይዳ ደግነት በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባች» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ምንም የለም። አዳራሹ የለም፣ ቡልኮው የለም፣ እኚያ ባልቴት የሉም። ለምን እንደጠሯት እንኳን አልተጻፈም።

ጋሼ፣ ውሸት አልጻፍኩም ብለዋል፤ እውነትዎን ነው። እኔ ግን ለሠላሳ ሰባት ዓመት በሌላ ሰው ስም የምትኖር አንዲት እሑድ ነበረችኝ። ስሟ የአይዳ ይሁን፣ አለቃቀሷም የተሳሳተ ይሁን፣ በጋዜጣ የወጣች፣ ሰው የሚያወራላት ቀን ነበረች። የሰው ቤት ሳጸዳ ያቺ እኔ ነኝ እያልኩ ኖሬባታለሁ። አሁን እርስዎ እኔንም እሷንም አውጥተው ቀኑን ራሱን ደመሰሱት። ስሜን ቢነፍጉኝ እችለው ነበር። ይኼኛውን አልቻልኩትም።

ይህን ደብዳቤ በትንንሽ ፊደል የጻፍኩት ወረቀት አጥሮኝ አይደለም። አጉሊ መነጽሩ እንደማያወጣው እዚህ ተመሳሳዩን አምጥቼ ሞክሬዋለሁ። እትዬ ወለቴ እንዲያነቡልዎት ነው። መጽሐፉ ዱቡሻ ካልሆነ ቤትዎ ይሁን።

እትዬ ወለቴ፣ ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ። ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፤ እዚህ ላይ የሚያስቀምጡት ብዕር የለም። ደብተሩ የልብስ ዝርዝር አይደለም። በቤቱ ውስጥ ይኖራል፤ ፊደሉ ትልቅ ስለሆነ ለእርስዎም ይቀልዎታል። እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

ከዚህ ወረቀት ጋር አንድ ትኬት አለ። ቀለሙ አረንጓዴ ነው፣ ሦስተኛ ረድፍ፣ ቁጥር ዘጠኝ። ደበሌ «ለዘመድሽ ስጪው» ብሎኝ አዳራሹ በር ላይ ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ እስኪሆን ድረስ ይዤ ጠበቅኩ። ከዚያ በጥቁሩ ቀሚስ ደረት ውስጥ ከትቼው መድረክ ላይ ወጣሁ። ከአገር ስወጣም ደረቴ ውስጥ ስለያዝኩት ከሻንጣው ጋር አልቀረም። ጋሼ የአንድ ሰው ቃል አይበቃም ብለዋልና ሁለተኛ ምስክር ልኬያለሁ። እንደሚያዩት በር ላይ የቀደደው ሰው የለም።

የ1979ኙን መዝገብ ያውጡት። ምስጥ አልነካውም። ቀኑና የተውኔቱ ስም ተጽፎ ከሥሩ ባዶ የቀረ ቦታ ያገኛሉ፤ አንድ ጊዜ ጠይቀውበታል። ሙሉ ትኬት ስለሆነ ቦታው ሊጠበው ይችላል፤ እንዳይቆርጡት አደራ። ሙጫው እርስዎ ዘንድ ነው።

አገኘሽ አበጋዝ